ሲሚንቶው የት ይግባ? በጅማ አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው የግንባታ ዕቃ ምርጫ

ጅማ ውስጥ ቦታ ያገኘ ሰው ካርታውን እንደያዘ የሚጠይቀው ጥያቄ «ብሎኬት ስንት ገባ?» የሚል ነው። ጥያቄው መልሱን ራሱ ይዞ ይመጣል። ቤት ማለት ብሎኬት፣ ብሎኬት ማለት ሲሚንቶ፣ ሲሚንቶ ማለት ደግሞ ብድር ከሆነ የሚቀረው ምርጫ የቀለሙ ዓይነት ብቻ ነው። ብዙ ሰው መሠረት አውጥቶ፣ ግድግዳውን እስከ መስኮት ድረስ አንሥቶ ገንዘቡ የሚያልቅበትም ለዚህ ነው። በከተማዋ ዳርቻዎች ፌሮው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ የዛገባቸው፣ ሣር የበቀለባቸው ጅምር ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። በጅማ አየርና አፈር ላይ ገንዘብንም አካባቢንም የሚቆጥበው ምርጫ ያለው «ተስማሚ» ተብሎ በሚሸጥ አዲስ ዕቃ ውስጥ አይደለም። ሲሚንቶንና ብረትን ውሃ በሚመታቸው ቦታዎች፣ ማለትም በመሠረትና በጣሪያ ማሰሪያ ላይ አውሎ፣ መካከሉን ከአፈርና ከባሕር ዛፍ መሥራት ላይ ነው። ቀላል ይመስላል። አሁን በከተማችን የሚሠራው ግን በአብዛኛው የዚህ ግልባጭ ነው፤ መሠረቱ ላይ ይቆጠባል፣ ግድግዳው ላይ ይፈስሳል።

ከሲሚንቶ እንጀምር። ሙገር፣ ደርባና ዳንጎቴ የሚባሉት ፋብሪካዎች ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ ናቸው። በመስከረም 2017 ዓ.ም የተመረቀው የለሚ ፋብሪካ ሰሜን ሸዋ ነው፤ ሌሎቹ ትልልቆቹ መቀሌና ድሬዳዋ ናቸው። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ እዚህ የሚራገፍ እያንዳንዱ ኩንታል ቢያንስ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በከባድ መኪና ተጉዞ የመጣ ነው። ነዳጅ ሲጨምር የጅማ ሲሚንቶ ከአዲስ አበባው በላይ ይጨምራል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም ሲሚንቶ ከገበያ ሲጠፋ፣ ኩንታሉ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሲሸጥ የታየውን ደግሞ ቤት ሠሪ ሁሉ ያስታውሰዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር የምንዛሬ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ጥሬ ዕቃቸው ከውጭ የሚገባው ፌሮና ቆርቆሮም በዚያው መንገድ ተከተሉ።

የአካባቢው ጉዳይም ከዚሁ አይለይም። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚደርስ ምድጃ ተቃጥሎ ነው። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከነዳጁ ብቻ አይመጣም፤ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል በውስጡ የያዘውን ይለቅቃል። ስለዚህ ምድጃው በምንም ዓይነት ንጹሕ ጉልበት ቢነድ ከድንጋዩ የሚወጣው አይቀርም። አንድ ኪሎ ሲሚንቶ በአማካይ ከ0.6 እስከ 0.9 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፤ በዓለም ደረጃ የሲሚንቶ ኢንዱስትሪ ድርሻ ከ7 እስከ 8 በመቶ ይገመታል። የጅማ ቤት ሠሪ ዓለምን የማዳን ኃላፊነት ብቻውን ይሸከም ማለት አይደለም። ግን እዚህ ላይ ኪሱና አየሩ የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ስምምነት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ማንም ሰው ዛሬውኑ፣ ምንም ሳይለውጥ ሊያደርገው የሚችል አንድ ነገር አለ። ሱቅ ሄዶ «ሲሚንቶ» ከማለት ይልቅ ለየትኛው ሥራ እንደሚፈልገው መናገር ነው። ኦፒሲ የሚባለው ቶሎ የሚጠነክር፣ ለኮለን (ለኮንክሪት ምሰሶ) እና ለሶሌታ (ለኮንክሪት ንጣፍ) የሚመረጥ ነው። ፒፒሲ ደግሞ እንደ ፑሚስ ያለ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ድንጋይ ተፈጭቶ የተጨመረበት በመሆኑ የተቃጠለው ድንጋይ ድርሻ ያንሳል፤ ጭሱም ዋጋውም እንዲሁ። ለድንጋይ ግንብ፣ ለልስንና ለወለል ፒፒሲ በቂ ነው። የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ውሃ የማጠጣቱን ቀናት ማራዘም ያስፈልጋል። ግንበኛው «ኦፒሲ ካልሆነ አልሠራም» ሲል ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ነገ ተመልሶ በላዩ ላይ ለመሥራት ነው።

አሁን አንድ ካሬ ሜትር የብሎኬት ግድግዳ እንውሰድና ሲሚንቶው የት እንደሚገባ እንቁጠር። ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ከሆነ 12 ወይም 13 ፍሬ ይፈጃል። በአግባቡ የተመረተ ብሎኬት በግርድፉ 2 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ይይዛል፤ ስለዚህ ብሎኬቱ ብቻውን 25 ኪሎ ገደማ ነው። ማያያዣው ላይ ጥቂት ኪሎ ይጨመራል። ከዚያ ልስን ይመጣል። በውስጥም በውጭም 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ከተለሰነ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሌላ ሲሚንቶ ይሄዳል። ተደምሮ 50 ኪሎ፣ አንድ ከረጢት ማለት ነው። አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ። ክፍሎቹ ሲከፋፈሉ 150 ካሬ ሜትር ግድግዳ የሚወጣው መጠነኛ ቤት፣ መሠረቱና ኮለኑ ሳይቆጠር፣ 75 ኩንታል ይበላል። ከዚህ ውስጥ ሲሶ ያህሉ ምንም የማይሸከም ልስን ነው፤ የውስጡን ልስን ደግሞ ዝናብም አይመታውም። ቢያንስ ብሎኬቱ ቀጥ ብሎ ከተደረደረ የውስጡን ልስን ማሳሳት ይቻላል። ጎበዝ ግንበኛ በቀን የሚያስከፍለው ብር ከፍ ቢልም ልስን ላይ ይመልሰዋል።

ይህን ይዘን ወደ ጭቃ ቤት እንሂድ። ጭቃ ቤት ስሙ ተበላሽቷል፤ የድህነት ምልክት ተደርጎ ይታያል። ለሙሽራ የሚሰጥ ቤት ከጭቃ ቢሠራ ቤተ ዘመድ ያጉረመርማል። ይሁንና ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያይ ሰው ጭቃ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው መጠየቁ አይቀርም። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ያሠሩት ይህ ሕንጻ በዋናነት እንጨትና ጭቃ ነው። ጅማ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ፣ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ደረቅ ሳምንት የሚናፍቃት ከተማ ናት። በዚህ ዝናብ ውስጥ ግድግዳውን ያቆየው ጭቃው አይደለም፤ የጣሪያው ክንፍ ወደ ውጭ ረዝሞ መውጣቱና ዙሪያውን የከበበው ሰፊ ሰገነት ነው። ዝናቡ ግድግዳውን አያገኘውም። ሕንጻው በየጊዜው እድሳት ያስፈልገዋል፤ መቼም ሳይታደስ የሚኖር ቤት የለም፣ የብሎኬቱም ቢሆን።

ጭቃ ቤት የሚሞተው በሁለት መንገድ ነው፤ ከታች በሚወጣ እርጥበትና ከላይ በሚረጭ ዝናብ። ምስጡም የሚመጣው እርጥበቱን ተከትሎ ነው። በተለምዶ የሚደረገው ቋሚውን በቀጥታ መሬት ውስጥ መቅበር ነው፤ ባሕር ዛፉ በተቀበረበት ቦታ፣ አፈርና አየር በሚገናኙበት መስመር ላይ ይበሰብሳል። ከዚያ ግድግዳው ይዘምማል፣ ሰውም «ጭቃ ዕድሜ የለውም» ይላል። ጭቃው ግን ምንም አልሆነም። ቋሚው ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ ግንብ ላይ ቢቆም፣ በግንቡና በእንጨቱ መካከል ስስ የሲሚንቶ ንጣፍ ቢኖር፣ ያው ባሕር ዛፍ ረዘም ያለ ዕድሜ ያገኛል። ጥቁር ድንጋይ በጅማ አካባቢ ሞልቷል፤ ምድሩ ራሱ ከጥንት እሳተ ገሞራ የፈሰሰ ድንጋይ ነው። ከግድግዳው የተረፈው ሲሚንቶ መግባት ያለበትም እዚህ ግንብ ውስጥ ነው።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት ግን በጥሩ አሳብ የሚደረግ ነው። ባለቤቱ ትንሽ ገንዘብ ሲያገኝ የጭቃ ቤቱን ሽቦ ወንፊት መትቶ በሲሚንቶ ያስለስነዋል፤ ቤቱ ከሩቅ ብሎኬት ይመስላል። ጭቃ እርጥበት እየሳበና እየተነፈሰ የሚኖር ነገር ነው፤ ሲሚንቶ ሲለበስበት መተንፈሻው ይዘጋል። ሁለቱ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ፣ ሲረጥቡና ሲደርቁ የሚለጠጡበት መጠን ስለማይመሳሰል ልስኑ መጀመሪያ እንደ ፀጉር ቀጭን ስንጥቅ ያወጣል። ዝናቡ በዚያች ስንጥቅ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። በሂርማታና በመንደራ አሮጌ ሰፈሮች ሲታይ ነገሩ ግልጽ ነው። ግድግዳውን በጣት መገጣጠሚያ መታ መታ ሲያደርጉት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ልስኑ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍታ ላይ ሆድ አውጥቶ ይነፋል፤ አንድ ቀን ሙሉ ገጹ ሲወድቅ ከኋላው ያለው ማገር በጣት የሚፈርስ ዱቄት ሆኗል። ለዚህ ሁሉ ደግሞ ተከፍሎበታል። ለጭቃ የሚስማማው ልስን ራሱ ጭቃ ነው፤ የጤፍ ጭድ ገብቶበት ሁለትና ሦስት ሳምንት የቦካ፣ በየቀኑ የተረገጠ። ጭዱ ሲቦካ የሚወጣው ሙጫ መሳይ ነገር አፈሩን ያያይዘዋል፤ ጭዱም እንደ ክር ሆኖ ስንጥቅ እንዳይሰፋ ይይዘዋል። በላዩ ላይ እበት የገባበት ስስ ሽፋን፣ ከዚያ ኖራ። ኖራ ርካሽ ነው፣ እርጥበት ያስወጣል፣ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ደግሞ በቤተሰብ ጉልበት ይታደሳል። ኖራም በእሳት ተቃጥሎ የሚገኝ በመሆኑ ፍጹም ንጹሕ አይባልም፤ ለቀለም የሚፈለገው መጠን ግን ጥቂት ነው።

ስለ ምስጥ አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቋሚ ላይ መቀባት የተለመደ ነው። ምስጡን ለጥቂት ዓመታት ያርቃል፤ ግን ወደ አፈሩ ይወርዳል፣ የጉድጓድ ውሃ በሚጠጣበት ግቢ ውስጥ ደግሞ ይህ ከምስጡ የባሰ ጣጣ ነው። ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ ምስጡ ተደብቆ እንዳይወጣ ያደርገዋል፤ ቢወጣም የጭቃ መተላለፊያውን በድንጋዩ ላይ ሲሠራ በዓይን ይታያል፣ በመጥረጊያ ይፈርሳል። ግንቡ ሥር እንጨትና ጆንያ አለመከመር ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

ጭቃ ቤትን በፍጹም የማይቀበል ቤተሰብ፣ ወይም ማዘጋጃ ቤቱ በአካባቢው ፕላን መሠረት ጠንካራ ግድግዳ የሚጠይቅበት ቦታ ላይ ያለ ሰው፣ በመካከል ሌላ መንገድ አለው። አፈር ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ በማሽን ተጨምቆ የሚወጣው የአፈር ብሎኬት ነው። አይቃጠልም፤ ተጨምቆ በጥላ ሥር ይደርቃል። በእጅ የሚሠራው የብረት መጭመቂያ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1950ዎቹ በኮሎምቢያ ከተፈለሰፈ ጀምሮ ዓለምን ዞሯል፤ ቀላል ስለሆነ የከተማችን ብረት ሠራተኞች ንድፉን ካገኙ ሊሠሩት ይችላሉ። ከላይ ባደረግነው ቆጠራ ብናስገባው፣ 14 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር የአፈር ብሎኬት ግድግዳ 270 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 7 በመቶው ሲሚንቶ ቢሆን 19 ኪሎ ነው። እርስ በርሱ የሚቆላለፈው ዓይነት ከሆነ ማያያዣ አይፈልግም ማለት ይቻላል፤ ፊቱ ንጹሕ ስለሆነ ልስንም ይቀራል። ከአንድ ከረጢት ወደ ሲሶ ከረጢት ትንሽ አለፍ ወዳለ መጠን ወረደ ማለት ነው። አፈሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያው ግቢ፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከመሠረት ቁፋሮ የወጣ ነው፤ ሌላው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ያስጠርገዋል።

ሁሉም አፈር ግን አይሆንም፤ ብዙው የአፈር ብሎኬት ሥራ የሚከሸፈውም እዚህ ላይ ነው። ጅማ ውስጥ ሁለት ዓይነት መሬት አለ ማለት ይቻላል። ወደ ጅሬንና ወደ ኮረብታዎቹ ያለው ቀይ አፈር ነው። ሸክላነቱ ብዙ ቢሆንም ሸክላው ሲረጥብ ብዙ የማያብጥ ዓይነት ነው። ወደ አዌቱ ወንዝ፣ ወደ ቦዬና ወደ ኪቶ የሚወርደው ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ ጥቁርና ግራጫ አፈር ይበዛዋል፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ይህ ለብሎኬትም አይሆን፣ መሠረትም በላዩ አይጣል። እዚያ የሚሠራ ሰው ጥቁሩን ቆፍሮ አውጥቶ ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ መውረድ ወይም በተጠቀጠቀ ሌላ አፈር መተካት አለበት። ለግድግዳው የታሰበው ሲሚንቶ ወደ መሠረቱ ይዙር የምንለውም ለዚህ ነው።

አፈሩን ለመመርመር ላቦራቶሪ ግድ አይደለም። ላይ ያለው ሥር የበዛበት ጥቁር ሽፋን ተገፍፎ ከሥሩ ያለው ይወሰዳል። አንድ የመስታወት ወይም ግልጽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሶው በአፈር፣ ቀሪው በውሃ ይሞላል፤ ቁንጥጫ ጨው ጨምሮ አጥብቆ መነቅነቅና ማስቀመጥ ነው። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ከታች ይረጋል። ደቃቁ ደለል በላዩ ይከተላል። ሸክላው ቀኑን ሙሉ ውሃውን አደፍርሶት ይውልና በማግሥቱ ከላይ ስስ ለስላሳ ሽፋን ሆኖ ይገኛል። በማስመሪያ ሲለካ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አሸዋ ከሆነ አፈሩ ለብሎኬት ተዘጋጅቷል። የጅማ ቀይ አፈር አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ፈተና ሸክላው ይበዛበታል፤ መፍትሔው አሸዋ ወይም የጠጠር መፍጫ ማሽን ትራፊ መጨመር ነው። በጣም ሸክላ ለሆነው ደግሞ ከሲሚንቶ ይልቅ ኖራ የተሻለ ይይዘዋል።

ሁለተኛው ፈተና የሲሚንቶውን መጠን ይነግራል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱና ጥልቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን ውስጡ ዘይት ይቀባል፤ የረጠበው አፈር ተጠቅጥቆ ይሞላና ለሳምንት ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ሲደርቅ ወደ አንድ ጫፍ ተገፍቶ የጎደለው ይለካል። አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ካልሞላ ለ18 እጅ አፈር 1 እጅ ሲሚንቶ ይበቃል። እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 16 ለ1፣ እስከ 4 ተኩል 14 ለ1፣ እስከ 6 ከደረሰ 12 ለ1። ከዚያ ካለፈ አሸዋ ሳይጨመር መቀጠል ገንዘብን መሬት ውስጥ መቅበር ነው። አናጺ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅበት ሳጥን ስንት ኩንታል እንደሚያተርፍ ሲታይ፣ ይህ ፈተና በየግንባታው አለመለመዱ ይገርማል። የተጨመቀው ብሎኬት በላስቲክ ተሸፍኖ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እርጥበቱን ይዞ መቆየት፣ ግድግዳ ላይ ከመውጣቱ በፊትም አራት ሳምንት መሙላት አለበት። ግድግዳው ሲያልቅ ጫፉን ዙሪያውን የሚያስር ፌሮ የገባበት ቀጭን የኮንክሪት ቀበቶ ያስፈልገዋል፤ እዚህ ላይ ኦፒሲውም ፌሮውም አይሰሰት።

«አፈር ከሆነ ታዲያ የሸክላ ጡብ ምን አለው?» የሚል ይኖራል። ጡብ ውብ ነው፣ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ተስማሚ ነው የሚለው ግን መመርመር ይፈልጋል። ጡብ 900 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ በየመስኩ በሚከመሩት ባህላዊ ምድጃዎች ይህ ሙቀት የሚገኘው ከማገዶ ነው፣ እሱም ብዙው ከጎን እየሾለከ ይባክናል። ሸክላውም የሚቆፈረው ብዙ ጊዜ ከረግረግ መሬት ነው፤ በከተማዋ ዙሪያ ያሉት የቦዬና የኪቶ ረግረጎች ለጡብ ሲቆፈሩ ኖረዋል። ረግረግ ደግሞ ክረምት የሚያወርደውን ውሃ የሚይዝና ከከተማ የሚወጣውን ቆሻሻ የሚያጣራ ነው። ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ ለተፈጥሮ ይስማማል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚገኝ ያገለገለ ጡብ ከሆነ ግን ሳያመነታ መግዛት ነው። እሳቱ ድሮ ነድዶ አልቋል።

እንጨትም እንዲሁ ነው። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ አፈር ያደርቃል ተብሎ ይወቀሳል፤ ወቀሳው ከነምክንያቱ ነው፣ በተለይ ምንጭና ረግረግ ዳር ሲተከል። ለቤት ሠሪ ግን በጥቂት ዓመታት የሚደርስ፣ ተቆርጦ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ ሌላ እንጨት በቅርብ የለም። በርና መስኮት ላይ ሲደረስ ሰው ሁሉ ዋንዛ ይላል፤ ጅማ እንጨት ሠራተኞች ከበርጩማ እስከ አልጋ የተጠበቡባት ከተማ ስለሆነች ዋንዛ የክብር ጉዳይ ነው። ዋንዛ ግን ከዝግባ፣ ከጥድና ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ በሕግ ተከልክሎ የቆየ ነው፤ ደግሞም ለቡና ጥላ ነው። በለጠ ጌራ ደን ከከተማዋ ብዙ በማይርቅበት አገር «ይህ ከየት መጣ?» ሳይሉ መግዛት ደግ አይደለም። ለጥላ ተብሎ በየግቢው የተተከለው ግራቪሊያ ሲደርቅ በደንብ ይሠራል፤ ዋጋውም ይቀላል። ዋንዛ የግድ ነው የሚል ሰው ለዋናው በር ብቻ ያውለው፣ እሱም ከፈረሰ ቤት ቢገኝ።

ቀርከሃ ብዙ የሚነገርለት ግን በጅማ ከተማ ቤቶች ብዙ የማይታይ ነው። ሸካና ከፋ ሩቅ አይደሉም፤ የማሻ ደጋ ቀርከሃ የታወቀ ነው። በሦስት ዓመት ለግንባታ ይደርሳል። ድክመቱ በውስጡ ያለው ስታርች ነው፤ ነቀዝ ለዚያ ይመጣበታል። ሳይታከም የገባ ቀርከሃ በዓመት ውስጥ ከኮርኒስ ላይ ነጭ ዱቄት ማራገፍ ይጀምራል። ለጥቂት ሳምንታት ውሃ ውስጥ ማቆየት ስታርቹን ይቀንሰዋል፤ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሃ መዘፍዘፍ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ነው። በዚህ መልክ ከታከመ ለኮርኒስና በማገር ቦታ ጥሩ ነው። ቋሚ አድርጎ መሬት ውስጥ መትከል ግን አይመከርም።

ስለ ቡና ገለፈት አንድ ቃል። ጅማ የቡና አገር በመሆኗ የገለፈት አመድን ከሲሚንቶ ጋር የማደባለቅ ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። ሲሚንቶን በከፊል የሚተኩ አመዶች በሲሊካ የበለጸጉ ናቸው፤ የሩዝ ገለፈት እንዲያ ነው። የቡናው አመድ ግን ፖታሽየም ይበዛበታል። በላቦራቶሪ እየተመዘነ የሚሞከር እንጂ ግንበኛ በአካፋ የሚለካው አይደለም። ገለፈቱ ለጓሮው ይሁን።

ጣሪያ ላይ ከቆርቆሮ የሚያመልጥ የለም፤ የሣር ክዳን ለከተማ አይሆንም። ምርጫው ውፍረቱ ላይ ነው። የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 35 ጌጅ ከባለ 28 ጌጅ በብዙ ይሳሳል። ስሱ ርካሽ ነው፣ ግን በጅማ እርጥበት ቶሎ ይዝጋል፤ ሲቀየር ደግሞ ሁለተኛ ዋጋ ይከፈልበታል። ከግድግዳው የተረፈው ገንዘብ እዚህ ይምጣ። ክንፉ ከግድግዳው ቢያንስ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። ብዙዎች አንድ ቆርቆሮ ለመቆጠብ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ያቆሙታል፤ ያቺ የተቆጠበች ቆርቆሮ በየክረምቱ በልስን ትከፈላለች።

አሸንዳው ከተደረገ ደግሞ ሌላ ትርፍ አለ። 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲባዛ 120,000 ሊትር ነው፤ የሚተነውና የሚፈስሰው ተቀንሶ ከ90,000 ሊትር በላይ ይቀራል። ሁሉን የሚይዝ ገንዳ ማንም አይሠራም፤ ግን አንድ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ እንኳ ለልብስና ለጓሮ የሚሆነውን ሰባት ስምንት ወር ይሞላል። ከጣሪያው ሥር መሬት ላይ እየወረደ መሠረቱን ይቦረቡር የነበረው ውሃም ይርቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀረው የሰው ጉዳይ ነው። የአፈር ብሎኬት የሚያውቅ ግንበኛ እንደ ብሎኬት ግንበኛ በየማዕዘኑ አይገኝም። የማያውቅ ሠራተኛ ፊት ለፊት «አይሆንም» ከማለት ይልቅ «እሺ» ብሎ ሲሚንቶውን በዓይኑ ይጨምራል፤ ቁጠባውም እዚያው ያልቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚሠራው የግቢ አጥር ወይም ማድቤት ቢሆን መልካም ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና ትምህርት ያለው በመሆኑ አፈርና ብሎኬት ለማስመርመር ለሚፈልግ ሰው መጠየቂያ በር አለ። የግንባታ ፈቃድ ሲወጣም የግድግዳው ዓይነት በፕላኑ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ከተጀመረ በኋላ ማስረዳት ይከብዳል። ባንክ ብድር የሚሰጠው ለየትኛው ዓይነት ቤት እንደሆነም ከመሠረት በፊት መጠየቅ አለበት፤ የአፈር ግድግዳን በመያዣነት የሚያንኳስስ ገማች ሊያጋጥም ይችላል።

ጊዜውን ከሰማዩ ጋር ማስማማት ደግሞ ከዕቃው ምርጫ አይተናነስም። ዝናቡ ሲያባራ በጥቅምት መጨረሻ አፈሩ ይቆፈር፣ ጠርሙሱና ሳጥኑ በኅዳር ይሞከሩ። መሠረቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ይውጣ፤ ብሎኬቱ በዚያው ጎን ለጎን ተጨምቆ በጥላ ይድረቅ። ጭቃ ቤት ለሚሠራም የሚቦካው ጭቃ በታኅሣሥ ቢጀመር ምርጊቱ በጥር ይደርቃል፤ በመጋቢት የተመረገ ግድግዳ ሰኔ ላይም ሻጋታ ያወጣል። ግድግዳው በጥር ይነሣ፣ ቆርቆሮው የካቲት ሳያልቅ ይመታ። ገንዘብ ካነሰ የሚቆየው ወለሉ፣ ኮርኒሱና ቀለሙ ነው። ጣሪያው ከመጋቢት ካለፈ ግን ግድግዳውን በላስቲክ ሸፍኖ ሥራውን ለሚቀጥለው ኅዳር ማቆየት ይሻላል።